የናፍጣ ሞተር ይግባላት?

ጎህ ሲቀድ ጎረቤቱ ጋሽ አየነው ጂፕ ይዘው መጥተው መካኒኩን ከእንቅልፉ ቀሰቀሱት።

«ደግሞ መኪና መቼ ገዙ?» አላቸው እየሳቀ።

«እሱን ተወውና ልጄ፣ ቤንዚን ጠፍቷል። የናፍጣ ሞተር ላስገባላት ወይስ ይቅርባት? ምከረኝ።»

«ይግባላት እንጂ! ሁለቱም ልጆቼ ሹፌሮች አይደሉ? ቀድሞ የሚመለሰው ሞተሩን ከአዳማ ይጭንልናል።»

ጋሽ አየነው ወደ በሩ እያዩ፣ ዳገት ትችላለች ወይ፣ ጭስ አይበዛባትም ወይ እያሉ ጠየቁት፤ የጠየቁትንም መልሰው ጠየቁት። ምስኪን፣ ሳይሰለች መለሰላቸው። ከዚያ ኮፈኑን ከፈተ።

«ኧረ ጋሼ! ይቺ እኮ ድሮውንም ናፍጣ ናት!»

እሳቸው አልሳቁም። በሩ ተከፈተና ጎረቤቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ።

መካኒኩ ኮፈኑን ቀስ አድርጎ መለሰው።

«ከሁለቱ የትኛው ነው?» አለ።