ጋሽ ሙሄ ያልመለሱት ስፖንጅ

«ስፖንጁስ?» አለ ሮበሌ፣ ጃኬቱን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ ካየ በኋላ...

«የምሰጥህ የለኝም» አሉት ልብስ ሰፊው ጋሽ ሙሄ፣ ዓይናቸውን ከስፌት መኪናው ሳያነሱ።

«እንዴት የለም? ከትከሻውና ከክርኑ አውጡልኝ ብዬ አይደል የሰጠሁዎት?»

ጋሽ ሙሄ መስፋታቸውን ቀጠሉ።

«እሺ፣ ‘ጣልኩት፣ ወላሂ’ ይበሉኝና አምኜ ልሂድ።»

አሁንም ዝም።

ሮበሌ ጃኬቱን ለብሶ፣ ሞተሩን አስነስቶ፣ አመሰግናለሁ እንኳ ሳይል ሄደ።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ 1976 ዓ.ም.፣ ነፋስ ስልክ።

ሮበሌ የአንድ ፋብሪካ ሞተረኛ ተላላኪ ነበር። ደብዳቤ ይዞ ፒያሳ ደርሶ ሲመለስ ነው የሚውለው። ሰኔ ሲገባ ብርዱ ደረቱን እየመታ አላስቀምጥ ቢለው ሰልባጅ ተራ ሄዶ ጃኬት አማረጠ።

አንዱ ናይለን ነው። ያብረቀርቃል፤ ግን ነፋስ ያስገባል።

አንዱ ጂንስ ነው። ሲቆም ልኩ ነው፤ እጁን የሞተር መሪ እንደያዘ ሰው ሲዘረጋ ግን እጅጌው ወደ ላይ ይሸሻል።

ሦስተኛው ወፍራም ቆዳ ነው... አንገቱ ድረስ የሚዘጋ፣ ትከሻውና ክርኑ ውስጥ ስፖንጅ ያለው። ሰፋ ቢልም እሱን ገዛ።

እዚህ ድረስ ጎበዝ ነው፤ ማንም አይወቅሰውም።

በማግሥቱ ፋብሪካው በር ላይ ጓደኞቹ ጠበቁት። «ፍራሹ መጣ... ኧረ ትራሱንስ የት ጣልከው?»

ሳምንት ሙሉ ሳቁበት። ሰው ደግሞ መቼም ከአስፋልቱ ይልቅ ሳቁን ነው የሚፈራው።

ጃኬቱን ጋሽ ሙሄ ጋ ወሰደው። እሳቸው አቁመው አይለኩህም። «ሞተርህ ላይ ቁጭ በል፣ መሪውን ያዝ» ብለው ነው የለኩት።

«ላጥብብልህ፤ ስፖንጁ ግን ይቆይ» አሉት።

«አይ ጋሼ፣ ያውጡልኝ። እምቢ ካሉ ሌላ ሰፊ ሞልቷል።»

ምንም ሳይመልሱ ተቀበሉት።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ... ያን ጊዜ የልብስ ሰፊ ታማኝነት የሚታወቀው በቁራጭ ነው። ከልብስህ የተረፈችውን ጠቅልሎ ከመለሰልህ ሐቀኛ ነው። ካልመለሰ፣ በላት ማለት ነው። ጋሽ ሙሄ ደግሞ በሃያ ዓመት ውስጥ ጣት የምታህል ጨርቅ አስቀርተው አያውቁም። ሮበሌን የከነከነውም ይኸው ነው።

በማግሥቱ በቀበሌው ኅብረት ሱቅ የስኳር ሰልፍ ላይ አፉን ከፈተ።

«ጋሽ ሙሄ እኮ ቁራጭ መብላት ጀመሩ። ይማሉ ብላቸው እንኳ እምቢ አሉ።»

«ንጹሕ ከሆኑ ለምን አይምሉም ታዲያ?» አለች ከኋላው ያለች ሴት።

ስኳሩ ሳይታደል ወሬው ታደለ።

በመስከረም ለሚከበረው ለአሥረኛው የአብዮት በዓል ሰልፍ የሚወጡትን የቀበሌውን ልጆች ዩኒፎርም እንዲሰፉ የተመረጡት ጋሽ ሙሄ ነበሩ። ስድስት ልጅ ለሚያሳድግ ሰው ይህ የዓመት ቀለብ ነው። ይህ ወሬ ከተዛመተ በኋላ ግን የቀበሌው ሊቀመንበር ጠራቸውና «ጓድ ሙሄ፣ ሕዝቡ እያጉረመረመ ስለሆነ ሥራውን ለሌላ ሰጥተነዋል» አላቸው።

አልተከራከሩም። ወደ ሱቃቸው ተመለሱ።

ሮበሌ ይህን ሲሰማ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አለ... ፈጣሪ ይቅር ይበለው።

ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ እንዳባራ፣ አንድ የጭነት መኪና ናፍጣ ያፈሰሰበት አስፋልት ላይ የሮበሌ ሞተር ከዳው። በግራ ጎኑ ወደቀና አስፋልቱን እየፋቀ ሃያ እርምጃ ያህል ተንሸራተተ።

ጤና ጣቢያ ወሰዱት። ቦጋለ የሚባል ቁስል የሚያክም ድሬሰር ጃኬቱን በቀስታ አወለቀለት። የክርኑ ቆዳ ተበልቷል፣ ገበሩ ተተርትሯል... ከገበሩ ሥር ግን ስፖንጅ አለ።

ጎልቶ እንዳይታወቅ በመርፌ ጥቅጥቅ ተደርጎ የተሰፋ ስፖንጅ። ትከሻውም ላይ እንደዚያው።

«ይኼን የሰፋልህ ማነው?» አለ ቦጋለ።

«ምነው?»

«እሱ ባይኖር አሁን የማየው አጥንትህን ነበር።»

ሮበሌ ክርኑን አየ። ቀላ ብሏል፣ ሌላ ምንም የለውም። አፈረ፤ በጣም አፈረ። እያነከሰ በቀጥታ ጋሽ ሙሄ ጋ ሄደ።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርህ ሌላ ሰፊ ጋ ወስደህ ታስወጣው ነበር። ራስህ ነህ ያልከኝ።»

«ይማሉ ስልዎትስ?»

«ምን ብዬ ልማል? ጣልኩት ብዬ በአላህ ስም ልዋሽ? አልወሰድኩም ብልህ ደግሞ ታዲያ የት አለ ትለኛለህ።»

ሮበሌ እግራቸው ላይ ሊወድቅ ጎንበስ ሲል ክንዱን ይዘው አነሱት።

«ስምዎን አጠፋሁት እኮ ጋሼ... እንጀራዎን አሳጣሁዎት...»

«ያጠፋኸውን ስም አንተው ታነሳዋለህ» አሉት። «ደግነቱ በሕይወት አለህ።»

በሚቀጥለው የስኳር ሰልፍ ሮበሌ የተቀደደውን እጅጌ ይዞ መሃል ቆመ። «እሳቸው ምንም አልወሰዱም። የሰው ስም የሰረቅኩት እኔ ነኝ» አለና እንባው መጣ። አንዳንዱ አብሮት አለቀሰ። አንዳንዱ «ሽማግሌ ገብቶ አስታርቋቸው ነው» ብሎ አለፈው። ዩኒፎርሙ ግን በሌላ ሰው እጅ ተሰፍቶ አልቆ ነበር።

ወዳጆቼ... አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ዛሬም ስንቱን ዝም ያለ ሰው ጥፋተኛ ብለን ፈርደንበታል። ዝም ያለ ሁሉ የሚደብቀው ክፋት አይደለም፤ አንዳንዱ እኛኑ ከራሳችን እየጠበቀን ነው።

ግን አንድ ነገር እስከ ዛሬ ያከራክረኛል። ጋሽ ሙሄ አንድም ውሸት አልተናገሩም፤ ሮበሌ አውጡ ያላቸውን ግን ሳያስፈቅዱ አስቀርተዋል፣ ልጆቻቸውም በዚህ ዝምታ እንጀራ አጥተዋል።

እናንተ በጋሽ ሙሄ ቦታ ብትሆኑ ስማችሁን ታድኑ ነበር ወይስ የሮበሌን ክርን? እስቲ በኮሜንት ፍረዱ።