የፓምፑ ቀለበት

ጋምቤላ ክልል ከተባለች ስምንት ዓመቷ ነበር። የከተማዋ ውሃ ግን በአንዲት ነጭ ቀለበት ላይ ተንጠልጥሏል። ቀለበቷ የሸክላ ዘር ናት፤ ጠንካራ ብትሆንም ተሰባሪ። ከባሮ ውሃ በሚስበው ፓምፕ አንገት ላይ ትገጠማለች። እሷ ስትሰነጠቅ ፓምፑ ይቆማል፤ ሰው ከወንዝ ይጠጣል፤ ሕፃናት በተቅማጥ ይረግፋሉ።

በዚያ በጋ አራት ቀለበቶች ተሰነጠቁ።

ፓምፑን የሚያንቀሳቅሰው ፍቃዱ ነው። የቀድሞ የጭነት መኪና ረዳት ነው፤ ለሞተር ይሳሳል። ሙቀቱ አርባን ሲያልፍ፣ ለምሳ ከመውጣቱ በፊት፣ ከእንስራው በጣሳ እየቀዳ አንዱን በራሱ አናት፣ አንዱን በፓምፑ አንገት ላይ ያፈሳል። «በል አንተም ይብረድልህ» ይለዋል።

አራቱም የተሰነጠቁት እሱ ምሳ ሲበላ ነው። በዚያ ሰዓት ግቢው ውስጥ ጥበቃው ጎርደን ብቻውን ይቀራል። እህቱ ኛታንግ ደግሞ ፓምፑ በቆመ ቁጥር የወንዝ ውሃ በጀሪካን ትሸጣለች። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ፍቃዱ ፖሊስ ጠራ።

«ጋሽ ፍቃዱ፣ እኔ አልነካም» አለ ጎርደን። «አንተ ስትሄድ ፓምፑ ራሱ ‹ጠቅ!› ይላል። ከዚያ በአንገቱ ውሃ ይወጣል።»

«በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች» አለ ፍቃዱ፤ ፖሊሶቹ ሳቁ። ጎርደንን ይዘውት ሄዱ።

በዚያው ሳምንት በአውሮፕላን አንዲት ጥቁር ቀለበት መጣች። የላከው ውጭ አገር የሚማረው የፍቃዱ የልጅነት ጓደኛ ነጂብ ነው። ከፀጉር አሥር ሺህ ጊዜ የቀጠነ የካርቦን ክር ከሸክላው ጋር ተቀላቅሎባታል፤ ጭድ ጭቃን እንደሚይዘው ነው የሚይዛት። ፍቃዱ መለዋወጫ ስላልነበረው ብቻ ገጠማት። «ሰባሪው ታስሮ ክር ምን ያደርጋል?» አለ።

ሦስት ወር ፓምፑ አልቆመም። ከተማው ፍቃዱን መረቀ። ጎርደን ግን ፍርድ ቤት ሳይቀርብ እስር ቤት ውስጥ በወባ ሞተ።

ኛታንግ አንድ ቀን ከግቢው በር ላይ ቆመች። «ወንድሜ ፓምፑን ይወደው ነበር» አለችና ሄደች። ፍቃዱ ደነገጠ፤ ግን ለሰባሪ አይለቀስም ብሎ ልቡን አደነደነ።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ የነጂብ ደብዳቤ ደረሰው። እንዲህ ይላል፦

«ቀለበቷን ከመላኬ በፊት በከባድ ፈተና አሳልፌያታለሁ። በደንብ አግዬ ቀዝቃዛ ውሃ ደፋሁባት፤ ንቅንቅ አላለችም። ነጮቹ ቀለበቶች ግን ይህን አንድ ጊዜም አይችሉም፤ ወዲያው ባይሰበሩ እንኳ ጥቂት ቆይተው ጠቅ ይላሉ። መቼም እናንተ ዘንድ እንዲህ የሚያደርግ ሰው አይኖርም።»

ፍቃዱ ደብዳቤውን የያዘው በግራ እጁ ነበር፤ በቀኝ እጁ ጣሳው ነበር።