ገንዘብ ያላችሁ ቅረቡ

ወንድሟ ልየው ድሬዳዋ ውስጥ ሲሞት፣ ፍርድ ቤቱ ውርሱን እንድታጣራ እታፈራሁን ሾማት። ዳኛው ግን፣ «እርስዎ ኑሮዎ ደብረ ማርቆስ ነው፤ የሟች አበዳሪዎች አያውቁዎትም። ገንዘብ አለኝ የሚል ሁሉ እንዲቀርብ በጋዜጣ ያሳውጁ» ብለው አዘዟት።

አሳወጀች። ከዚያ በኋላ አንድ ወር ሙሉ በወንድሟ ክፍል ደጃፍ፣ በዚያ ሙቀት፣ ደብተር ይዛ ተቀመጠች። ልብስ ሰፊው መጣ፤ ባለሱቁ መጣ፤ የዕቁቡ ዳኛ ሁለት ጊዜ ተመላለሰ። እግሯ አበጠ፤ ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት የወሰደችው ፈቃድም አለቀ።

በመጨረሻው ቀን ደብተሩን ልታጥፍ ስትል አንድ ሽማግሌ ምርኩዛቸውን ተደግፈው መጡ።

«አረፍ ይበሉ አባባ። ስንት ነበር ያበደሩት?» አለቻቸው፣ ቀና ብላ ሳታይ።

«እኔ እንኳ አላበደርኩትም፤ ዕዳው ያለብኝ እኔ ነኝ። ጋዜጣውን ጅግጅጋ ሳየው መቀመጥ አቃተኝ» አሉ።

እታፈራሁ ድካሟ ውስጥ ሆና ፈገግ አለች። በወሩ ውስጥ ልክፈል ብሎ የመጣ ሰው አይታ አታውቅም።

«እግዜር ይስጥልኝ። ስምዎን ይንገሩኝና ልጻፍ።»



«ደባልቄ ቢተው» አሉ ሽማግሌው፣ መሬት መሬት እያዩ።

እታፈራሁ ጽፋ ከጨረሰች በኋላ ነው የጻፈችውን ያነበበችው። ዕድሜዋን ሙሉ ከስሟ ቀጥላ ስትጽፈው የኖረችው፣ እናቷ ተዝካሩን ካወጣችለት ሠላሳ ስምንት ዓመት ያለፈው፣ የአባቷ ስም ነበር።