አሥራ አንደኛው ስዕል

ቁልፏን አዙራ ብትገፋው በሩ እምቢ አለ። ከውስጥ የሆነ ነገር ደግፎታል።

«ቆይ እማዬ! ሶፋውን ላንሳው!»

ሲስተር ግንባሯን በሩ ላይ ደገፍ አድርጋ ቆመች። ሌሊቱን ሙሉ ከድንገተኛ ክፍል ወደ ፎቅ፣ ከፎቅ ወደ ድንገተኛ ክፍል ስትመላለስ ነው ያነጋችው። እግሯ እንጨት ሆኗል። የምትመኘው አልጋዋን ብቻ ነው፤ እስከዚያ ተሸክሞ የሚያደርሳት ቢገኝማ ምርቃት ነበር።

ስትገባ ሳሎኑ ሌላ ቤት መስሎ ጠበቃት። ሶፋው ጀርባውን አዙሯል፣ መጋረጃው ወርዷል። ግድግዳው ላይ በእርሳስ የተሳሉ ወረቀቶች ተደርድረዋል፤ የተለጠፉትም ለቁስል ብላ ባስቀመጠችው ፕላስተር ነው። መሀል ላይ የልጇ ጓደኛ ቆማለች፤ ስትፈራ ዓይኗ እንደ መኪና መብራት ቶሎ ቶሎ ስለሚርገበገብ የክፍላቸው ተማሪ በሙሉ «ፍሬቻ» የሚላት ልጅ። የለበሰችው የሲስተርን ቅያሪ ጋውን ነው፣ እጅጌው እስከ ጣቷ ወርዶ።

«ደህና አደሩ ማዘር» አለች ፍሬቻ፣ ዓይኗ ሥራውን ጀምሯል።

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን። መቼ ነው የተቀጠርሽው?»

ልጅቷ ሳቀች። ልጇ ግን አልሳቀችም፤ ስልኳን ይዛ አንድ ወረቀት አቀበለቻት። «ለትምህርት ቤት የምንሠራው የዘፈን ክሊፕ ነው፣ እማዬ። ዛሬ ካልቀረጽን ሰኞ አይደርስም። የመጀመሪያውን እቅድ ቲቸር መለሰብን።»

ወረቀቱ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ተጽፏል፤ «ግጥሙን በስዕል ደገማችሁት። ታሪኩ የታለ? ሰውየው የሚፈልገው ምንድን ነው?»

«ምን አድርጋችሁ ነው?» አለች ሲስተር፣ ለወጉ ያህል። ፊደሉ ዓይኗ ላይ ይዋኛል።

«ዘፈኑ ‹ሄደች› ሲል ልጅቷ ትሄዳለች፤ ‹አለቀስኩ› ሲል ልጁ ያለቅሳል። ቲቸር ‹ይኼንንማ ዓይኔን ጨፍኜም እሰማዋለሁ፣ ስዕሉ ምን ጨመረ?› አለን። ስለዚህ ፍቅረኛሞቹን አስወጣናቸው። አሁን እናትና ልጅ ናቸው። ግድግዳው ላይ ያለው አዲሱ እቅድ ነው።»

«እሰይ። እኔ ልተኛ።»

ግን መኝታ ቤቷ ያለው ከግድግዳው ማዶ ነው፤ ስዕሎቹን ሳታይ ማለፍ አልቻለችም። አንዲት ሴትዮ በር ስትከፍት። ሴትዮዋ ቦርሳዋ ከትከሻዋ ሲንሸራተት። ሴትዮዋ የዕቃ ማጠቢያው አጠገብ ቆማ ስትበላ።

«ይቺ ሴትዮ ወንበር የላትም እንዴ?» አለች ፈገግ ብላ።

ፍሬቻ ወደ ጋውኑ ኪስ አቀረቀረች። ያኔ ነው ሲስተር ክው ያለችው። ቦርሳው የሷ ነው፤ ማንጠልጠያው በመርፌ ቁልፍ የተያዘው እንኳ ሳይቀር ተስሏል።

ወደ አሥራ አንደኛው ስዕል ደረሰች። ገርበብ ያለ በር። ሴትዮዋ መቃኑን ይዛ ወደ ውስጥ ታያለች። አልጋው ላይ ልጅ ተሸፋፍናለች፣ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ፤ ዓይኗ ግን ፈጧል።

«ዓይኗን ለምን አልጨፈንሽውም? ተኝታ የለ?»

«አልተኛችም» አለች ልጇ።

የማታ ፈረቃ ሲደርሳት፣ አምሽታ ስትገባ፣ ሲስተር ሁልጊዜ ያንን በር ገርበብ አድርጋ ታያለች። ትምህርት አለባት፣ አልቀስቅሳት ትልና ትመለሳለች። ስንት ዓመት?

«ነቅተሽ ነበር?»

«እንዳትናደጂ ብዬ ነዋ። ‹እስካሁን አልተኛሽም?› እንዳትዪኝ።»

ሌሊቱን የሌላ ሰው ልጅ እጅ ይዛ «አይዞሽ፣ አለሁ» ስትል አድራለች። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ማለት እኔ ነኝ፣ አለች በሆዷ።

ፍሬቻ «በቃ እንጀምር፣ እናትየዋን እኔ እሆናለሁ» ብላ ቦርሳ አነሳችና ሁለት እርምጃ ሄደች፤ ግራ እግሯን ትንሽ እየጎተተች። ሲስተር ራሷ እንደዚያ እንደምትራመድ አታውቅም ነበር።

«ጋውኑን አውልቂው» አለች። «እኔው ልሥራው።»

«ደክሞሻል እኮ፣ እማዬ።»

«ታዲያ የደከመ ሰው አይደል የፈለጋችሁት?»

ሦስቱም ሳቁ፣ ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። ልጇ የሚደረገውን በጥንቃቄ አስረዳቻት፤ በሩን ገርበብ ታደርጊያለሽ፣ እስከ አምስት ትቆጥሪያለሽ፣ ዞረሽ ትሄጂያለሽ፣ እዚያ ያልቃል። ስልኩን ለፍሬቻ ሰጥታ ወደ መኝታ ክፍሏ ገባችና ተሸፋፈነች።

ሲስተር በሩን ገርበብ አደረገችው። በቀን ብርሃን ሲታይ ክፍሉ ከምታስበው ይጠባል። ከብርድ ልብሱ ውጭ የቀረው የልጇ ጆሮና ጥቂት ፀጉር ብቻ ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ጀርባዋ ላይ የፍሬቻ ትንፋሽ ይሰማታል። አራት። ብርድ ልብሱ በልኩ ከፍ ዝቅ ይላል፤ የተኛ ሰው አተነፋፈስ ለመምሰል የሚታገል ሰው አተነፋፈስ ነው፤ ስንት በሽተኛ ያየች ነርስ ይኼን እንዴት አጣችው?

አምስት አለፈ። መዞር ነበረባት።

ገባች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና እጇን ልጇ ትከሻ ላይ አሳረፈች። «እናቴ» አለች፣ «ነቅተሻል?»

«ነቅቻለሁ።»

የምትነግራት ብዙ ነገር ነበራት። ከየቱ እንደምትጀምር ስታስብ ጭንቅላቷ በራሱ ጊዜ ትራሱን አገኘው።

ከሩቅ፣ ከበሩ በኩል፣ የፍሬቻ ሹክሹክታ መጣ፤ «ላቁመው?»

ልጇ የመለሰችውን አልሰማችም። የሰማችው የልጇ ጣቶች የጫማዋን ክር ቋጠሮ ቀስ ብለው ሲፈቱት ነው።