መርዶ የተከለከለ ጊዜ

ስንዱ ከለቅሶ ስትመለስ ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች ቤት መግባቷን ያስተዋለችው፣ አሮጊት እናቷ ጥለቱን ትክ ብለው ሲያዩት ነው።

ለአረጋውያን ልብ ጤንነት ሲባል መርዶ ከተከለከለ ወዲህ፣ የእናቷ አምባር የልብ ትርታቸው ሲፈጥን ነርሶችን ይጠራል። የተወሰደ ሰው ደግሞ ቶሎ አይመለስም።

«የሞተው ወንድሜ ነው?»

«እማዬ ተይ፣ ይወስዱሻል!»

«አዘቅዝቀሽ ገብተሽ ደግሞ ምን ትደብቂኛለሽ?» እንደተማሩት ቀስ ብለው ተነፈሱ። አምባሩ አረንጓዴ እንደሆነ ነው። «በይ ንገሪኝ።»

«አዎ። ዛሬ ቀበርነው።»

እናቷ እንደገና በረጅሙ ተነፈሱ። ከዓይናቸው እንባ ጠብ አላለም።

«ያንቺን ልብ ገና የሚጠብቀው የለም» አሉ። «እኔን ተክተሽ አልቅሺልኝ።»

ስንዱ ጎረቤት እንዳይሰማ መስኮቱን ዘጋች፣ ሬዲዮኑን ከፍ አደረገች፤ በሩንም ቆልፋ እናቷን ተክታ አለቀሰች።