ቁልፉ እስኪሰቀል

"ግማሽ ሰዓት ብቻ!" አለ ሹፌሩ፣ የመኪናውን ቁልፍ ጣቱ ላይ እያሽከረከረ ሲገባ። በሩን እንኳ አልዘጋውም። "ጋሽ ዝግታ ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ እየጠበቀኝ ነው። ካረፈድኩ መሪውን እሱ ይይዘዋል። እሱ ከያዘው ደግሞ የጫንነው ሽንኩርት ሳንደርስ ያቆጠቁጣል።"

ሚስቱ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም። ትንሹን ልጅ ብድግ አድርጋ ጭኗ ላይ አስቀመጠችውና ሰፊ ቀሚሷን በእሱ ከለለችው። ልጁ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ከድንቡሽቡሽነቱ የተነሳ አባቱ "ትርፍ ጎማ" ይለዋል። እርግዝናዋ ስድስት ወር ሊሞላው ጥቂት ቀን ሲቀረው አስወርዷት፣ ዛሬ አስራ ሰባት ቀኗ ነው። ባሏ አያውቅም።

በዚህ ቤት ደንብ አለ። መንገድ ላይ ላለ ሹፌር ክፉ ወሬ አይነገርም። ደንቡን ያወረሰቻት አማቷ ናት፤ እሷም የሹፌር ሚስት ነበረች። "ቁልፉ ምስማሩ ላይ እስኪሰቀል ድረስ፣ ልጅሽ ቢታመም ድኗል፣ ጣሪያሽ ቢያፈስ ዝናብ የለም" ትላት ነበር። ስለዚህ በስልክ ሁሌም ሁሉ ሰላም ነው። የወሩ ጉድ የሚዘረገፈው ቁልፉ ከተሰቀለ በኋላ፣ ሰውየው እግሩን እየታጠበ ነው፤ ከትንሹ ተጀምሮ እስከ ትልቁ።

"ተሳፋሪያችንስ?" አለ፣ ወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጢጥ ብሎ። "አሁንም ይራገጣል?"

"ይራገጣል።" ቃሉ ሳታስበው አመለጣት፤ በስልክ ለምዶባታል።

"እንደ አባቱ ፍሬን መርገጥ ይወዳል ማለት ነዋ!" ሳቀ። "ምሳ በበላንበት ሁሉ አውርቼዋለሁ እኮ። አንዱ የጋራዥ ሰው እንዲያውም ስም አወጣለት። ምን ቢለው ጥሩ ነው?"

"እንዳትነግረኝ" አለች ፈጠን ብላ።

"ምነው?"

"ሲደርስ ትነግረኛለህ።"

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ቁልቁለቱን እየወረደ ነው። ብትነግረው፣ ያን ሁሉ ጭነት ይዞ፣ በዚያ ጠመዝማዛ ላይ፣ ዓይኑ በእንባ ተጋርዶ። ባትነግረው ደግሞ የሚመለሰው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው፤ ሰባተኛው ወር ሞልቶ። በስልክ እስከ ስንት ወር ታሳድገዋለች?

ይሂድ፣ አለች በልቧ። በሰላም ይሂድ።

"አባዬ፣ ቁልፉን ስቀለው።"

ትልቋ ልጅ ናት። ሰባት ዓመቷ ነው። ዱካውን ጎትታ ምስማሩ ሥር አስጠግታዋለች።

"የኔ እመቤት፣ ልሄድ እኮ ነው።"

"ይሁን። ስቀለው።"

"ለግማሽ ሰዓት ቁልፍ አይሰቀልም። ምስማሩም ይታዘበናል።"

ልጅቷ አልሳቀችም። ዱካው ላይ ወጥታ እጇን ዘረጋች። "እኔ ልስቀልልህ።"

"ተይው እንጂ አባትሽን..." ማለት ጀመረች እናት። ድምፅዋ መሃል ላይ ተሰበረ።

ቁልፉ ጣቱ ላይ ቆመ። ሹፌሩ ልጅቷን አየ፣ ሚስቱን አየ። ከዚያ ተነስቶ ቁልፉን በትንሿ መዳፍ ላይ አኖረው፤ እሷም ሰቀለችው።

እናትየው ጉሮሮዋን ጠረገች። እንደ ደንቡ ከትንሹ ጀመረች።

"የፊት ጥርሷ ወልቋል፤ አይተኸው ይሆናል። የጓሮው ቧንቧ ፈንድቶ ሁለት ቀን ውኃ ስንለምን ሰነበትን። ጎማን ትኩሳት ይዞት ነበር፤ አሁን ደህና ነው።"

"ሌላስ?" እግሩን አልታጠበም። ጫማውንም አላወለቀም።

"ጎረቤቶቻችን ቤት ሊለቁ ነው። የልብስ ስፌት መኪናዬ መርፌ እየሰበረ አስቸግሮኛል።"

"ሌላስ?" አሁን በሹክሹክታ ነው።

ሌላ ትንሽ ነገር ፈለገች፤ አለቀባት። ጎማን ብብቱን ይዛ ወለሉ ላይ አቆመችው። ቀሚሱ ሆዷ ላይ ልጥፍ አለ።

ሹፌሩ ሆዷን አየው፤ የት እንዳለ እንደጠፋው ሰው።

"መቼ?"

"አስራ ሰባት ቀኑ።"

ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ወደ ኋላ ቆጠረ። "ሲሚንቶ ያራገፍን ዕለት። ደውዬ... ይራገጣል አላልሽኝም?"

"መንገድ ላይ ነበርክ።"

"የት ሆነሽ ነው ያነሳሽው?"

"ሆስፒታል። አልጋው ላይ።"

"ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጌው ነበር" አለ። "ጋሽ ዝግታም እንዲሰማ ብዬ። ሁለታችንም ሳቅን።" ፊቱን በሁለት እጁ አሸት አሸት አደረገው። "ወንድ ነበር?"

"ሴት።"

አጠገቧ ሄዶ መሬት ላይ ዘጭ አለ፣ ራሱንም ጉልበቷ ላይ ጣለ። ጎማ ጨዋታ መስሎት ጀርባው ላይ ወጣ። ማንም አላወረደውም።

ትልቋ ከዱካው ወረደች።

"እማዬ፣ አሁን ማልቀስ ይቻላል?"

እናትየው ቀና አለች። ከሆስፒታል በወጣች ማግስት ልጇን ትከሻዋን ይዛ "አባትሽ ሲደውል እንዳታለቅሺ" ያለቻት ትዝ አላት። እስከ መቼ እንደሆነ አልነገረቻትም ነበር። አስራ ሰባት ቀን ሙሉ አንድም ጊዜ ስታለቅስ አላየቻትም፤ ልጅ ናት፣ አልገባትም ብላ ነው ያለፈችው።

"ይቻላል፣ የኔ እናት" አለቻት። "ነይ።"

ልጅቷ ግን ወደ እሷ አልመጣችም። ወደ ደጁ ሄዳ አንገቷን አሰገገች። ሽማግሌው ጋቢና ውስጥ ክንዱን በመስኮቱ አውጥቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ፀሐይ ይሞቃል።

"ጋሽ ዝግታ ገና መንገድ ላይ ነው" አለች፣ አገጯ እየተንቀጠቀጠ። ከዚያ በሩን በሁለት እጇ ገፍታ፣ ድምፅ ሳታሰማ፣ ዘጋችው።