የአረንጓዴዋ መኪና አንድ አሥረኛ

ልጇን የገደለችባትን መኪና አሳንሳ፣ ቆርቆሮ በቆርቆሮ፣ በገዛ እጇ መልሳ የምትሠራ እናት ምን አስባ ነው ትላላችሁ?

በሰው አገር፣ ሙዬንጋ ኮረብታ ላይ የሚኖሩት ሐበሾች መልሱን ያወቁት መስሏቸው ነበር። እናትየዋ ሰገነት ለአማቿ እያዘጋጀችለት ነው ይሉ ነበር። ምን እንደምታዘጋጅለት ግን ደፍሮ የሚናገር አልነበረም።

ከሦስት ዓመት በፊት አረንጓዴዋ መኪና ከግቢው አናት፣ ከቆመችበት ተንሸራተተች። ድንጋያማውን ቁልቁለት ወርዳ፣ በር ልትከፍት የወረደችውን የሰገነትን ልጅ ሔሊናን ከበሩ ምሰሶ ጋር አጣበቀቻት። የሔሊና ባል ባምላክ ለፖሊስ ቃሉን ሰጠ። መኪናዋን ያቆምኩት እኔ ነኝ፤ የእጅ ፍሬኑን ይዤ ነበር፤ ፍሬኑ ግን አርጅቷል አለ። ፖሊስ የተጨረመተውን ኮፈን ፎቶ አነሳ፣ የመኪናዋን ውስጥ ፎቶ አነሳ፣ አደጋ ነው ብሎ መዝገቡን ዘጋ። እናትየዋ አንድ ቃል አልተናገረችም። ሐዘኑ ነው ተባለ።

በሳምንቱ ባምላክ መኪናዋን ለቁርጥራጭ ብረት ሸጣት። ለምን እንደቸኮለ የጠየቀው የለም። ቤቱን አብራቸው ትኖር ለነበረችው አማቱ ትቶ እሱ ሌላ ሰፈር ተከራየ።

ሰገነት ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ሠላሳ ዓመት የአውሮፕላን ቆርቆሮ ስትቀጠቅጥ የኖረች ሴት ናት። ማወቅ የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ፍሬኑ አርጅቶ ነው ወይስ ጨርሶ የያዘው ሰው አልነበረም? የሚመረመር መኪና ስላልቀረ ራሷ ልትሠራ ተነሳች። የፖሊሱን ፎቶዎች በቦርሳዋ ይዛ በቦዳ፣ በኪራይ ሞተር ብስክሌት፣ ቆርቆሮ ቀጥቃጮች ወዳሉበት ካትዌ ሰፈር ወረደች። የድሮ ባልደረባዋ ከውጭ ያመጣላት ሻሲ ከነሞተሩና ከነጎማው እቅፏ ውስጥ ነበር፤ ድንጋይ ላይ ለመውጣት የተሠራ፣ በሪሞት የሚሄድ፣ የእውነተኛዋ መኪና አንድ አሥረኛ። ከላይ የሚለብሰውን ፕላስቲክ ጥላዋለች።

«ፕላስቲክ ክብደት የለውም፤ እንደ መኪና አይወርድም» አለችው ኪዛን፣ ቆርቆሮ ሠሪውን።

«ለልጅ ልጅዎ ነው ማማ?»

«ለልጄ ባል ነው።»

«ወይ መታደል! የእኔ አማት ዶሮ እንኳ ሰጥታኝ አታውቅም።»

ሰገነት አልሳቀችም። ከኪዛ ጠረጴዛ ግማሹን ተከራይታ አምስት ወር ሠራች። በሮቹን፣ ኮፈኑን፣ ጣሪያውን ከአልሙኒየም ቆርጣ፣ በእንጨት ቅርጽ ላይ በመዶሻ አጎበጠች፣ በሪቬት ምስማር አያያዘች፣ ጠርዛቸውን በሞረድ አለሰለሰች። የሾፌሩን ወንበር ፎቶው ላይ እንዳለው ወደ ፊት፣ መሪው ድረስ አስጠግታ አሰረችው። የጎደለውን ክብደት በእርሳስ ሞላች። ፍሬኑን ሦስት ዓይነት አደረገችው፤ ሙሉ የሚይዝ፣ ግማሽ የሚይዝ፣ የማይዝ።

ከዚያ በረንዳዋ ላይ ቀይ አፈርና ድንጋይ ቆልላ ቁልቁለቱን ሠራች። ከግርጌው ትንሽ የብረት በር አቆመች።

ጎረቤቷ አለምዘውድ ይህን ስታይ ለባምላክ ደወለች። «አንተ ልጅ፣ ሴትዮዋ መቃብርህን ነው የምትቆፍረው። ዛሬ ነገ ሳትል ሽማግሌ ላክ።»

ባምላክ ላከ። አስታርቁን ከማለት በቀር ምንም አልነገራቸውም። እነሱም በዳዩ ማን ነው ብለው አልጠየቁም፤ ምኑ ይጠየቃል?

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌው አቶ ፀጋዘአብና አለምዘውድ ባምላክን አስቀድመው መጡ። ባምላክ ቁመቱ የበረንዳውን ጣሪያ ስለሚነካ አጎንብሶ ገባ። ማጅራቱ ላይ አቶ ፀጋዘአብ ያሸከሙት ድንጋይ ነበር።

«ወይዘሮ ሰገነት፣ ወጉን ያውቁታል» አሉ ሽማግሌው። «ድንጋዩን ያውርዱለትና ይቅር ይበሉት።»

ባምላክ ተንበረከከ። ሰገነት ተነስታ ድንጋዩን ከማጅራቱ አነሳችው። አለምዘውድ እልል አለች።

ሰገነት ድንጋዩን ይዛ ሄደች፤ ከቁልቁለቱ ግርጌ፣ ከትንሹ በር ፊት ለፊት አስቀመጠችው።

«እዚህ ጋ ያለው ቋጥኝ ጎድሎኝ ነበር» አለች። «ልኩ ነው። ተቀመጡ።»

እልልታው መሐል ላይ ተቋረጠ።

መኪናዋን ከአናት አቆመቻትና ሪሞቱን አነሳች። «ፍሬኑ በደንብ ሲይዝ።» መኪናዋ አልተነቃነቀችም።

«ፍሬኑ ሲያረጅ። ለፖሊስ የተነገረው ይኼ ነው።» መኪናዋ እየተንገጫገጨች ወረደች፤ ቋጥኙ ጋ ስትደርስ ተገትራ ቀረች። ሰባት ጊዜ ለቀቀቻት። ሰባት ጊዜ እዚያው ቆመች።

«ፍሬኑ ጨርሶ ሳይያዝ።»

መኪናዋ ተወረወረች። ቋጥኙን ዘላ የበሩን ምሰሶ መታች። ሰገነት አንስታ ከፎቶው አጠገብ ያዘቻት። ኮፈኑ የተጨረመተው በቀኝ በኩል፣ ከመብራቱ በላይ ነበር። ፎቶውም ላይ እዚያው ነው።

አቶ ፀጋዘአብ ቀስ ብለው ወደ ባምላክ ዞሩ። «አንተ ሰው፣ ፍሬኑን ሳትይዝ ነው የወረድከው? ወይስ ሆን ብለህ…»

ባምላክ ያየው ሰገነትን ብቻ ነበር። «እማማ፣ በሔሊና ይሁንብዎ፣ እዚህ ላይ ይብቃ። ለፖሊስ ዋሽቻለሁ። ለእርስዎም ሦስት ዓመት ሙሉ ፍሬኑ አርጅቶ ነው እያልኩ ዋሽቻለሁ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ዋሽቻለሁ አለ! በአፉ!» አለምዘውድ ነጠላዋን ከጎኑ ሰበሰበች። «እኔን ሽማግሌ ብሎ ያመጣኝ ለዚህ ነው? ሰገነት፣ ከእንግዲህ ይቅር በዪው ብዬ አልለምንሽም።»

ሰገነት ሪሞቱን አጠፋችው። «ያን ቀን መኪናዋን ያቆምኳት እኔ ነኝ» አለች፤ «እሱ ሊሸፍነኝ ዋሸ፣ እኔም ዝም አልኩ፤ ራሴንም ጨምሮ ማንንም ይቅር አልልም።»